ሰባት ጊዜ የበራው አረንጓዴ

እንዲህ ያለ ደብዳቤ በስሜን ምድር ተጽፎ አያውቅም። ወረቀቱ ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ አንድ ቅጠል ነው፤ ክብደቱ ግን አይሱዙውን ከደባርቅ እስከ አምባራስ ያለውን ዳገት ሁሉ በአንደኛ ማርሽ አስጎትቶታል። ሾፌሩ ያርጋል መንደሩ መሐል ሲደርስ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሙሉሰው! ና ወዲህ! ከዳባት ነው። የሰጠችኝ ልጅ ዓይኗ አብጧል፤ ምን አድርገሃት ነው አንተ ሰውዬ?»

እሁድ ረፋድ ነው፤ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሙሉሰው ኮርቻ የላጣትን በቅሎ ጀርባ ቅባት እየቀባ ነበር። ቅባቱን ከነጣቱ ሱሪው ላይ ጠረገና ወረቀቱን ተቀበለ። ጽሕፈቱን ሲያይ ልቡ ከደረቱ ወጥታ በቅሎዋ ላይ የምትቀመጥ መሰለው።

«ሙሉሰው፤

ሰላምታ አልጽፍልህም፤ ለራሴም ሰላም የለኝ። ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ስልኬ ላይ ስምህ አጠገብ አረንጓዴው ሰባት ጊዜ በርቷል። ሰባት ጊዜም ጻፍኩልህ። ሰባቱም ደርሰውሃል። አንዱን እንኳ አልመለስክም። ‹ሃምሳኛውን ሚሽን በጨረስን ማግስት ሽማግሌ እልካለሁ› ያልከው አንተ ነህ፤ እኔ ጎትቼ አላናገርኩህም። ሃምሳኛው ሲደርስ ተራራ ወጣህ። ከሽማግሌው መሸሽህ ከሆነ ንገረኝ፤ መዋረዱን እችለዋለሁ፤ ዝምታህን ግን አልቻልኩትም። አባቴ ሽማግሌ ለላኩት ለጎንደሮቹ ማክሰኞ መልስ ይሰጣል። እኔንም ጠይቆኛል። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሃምሳኛውን እከፍታለሁ። ስምህን ካላየሁ ደብተሩን ዘግቼ ለአባቴ እሺ እለዋለሁ።

የትናየት»

ሙሉሰው ሁለት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ፊደሎቹ አልታይ አሉት።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሙሉሰው የደባርቅ ልጅ ነው፤ የቱሪስት ጭነት የሚያጓጉዙ በቅሎዎችን ይነዳል። ቁመናውን ያየ ሰው ተራራውን ደግፎ ያቆመው እሱ ይመስለዋል፤ ጫማውን ያየ ግን ሌላ ይላል። የትናየት ደግሞ የዳባቱ እህል ነጋዴ የአቶ ገብረ ክርስቶስ አንድዬ ልጅ ናት። እኒህ ሰው የመጋዘናቸውን በር ገርበብ ሲያደርጉ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ያለ ነጋዴ ይስላል። ከደባርቅ ዳባት በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከሙሉሰው በረት እስከ አቶ ገብረ ክርስቶስ ሳሎን ግን በእግርም በክንፍም የደረሰ የለም።

የተገናኙት በገብስ ነው። አምና ለበቅሎዎቹ ገብስ ሊገዛ ወርዶ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ዜማ ጮኸ። ከጆንያዎቹ መሐል አንዲት ሴት ቀና አለች።

«ስንተኛው ላይ ነህ?» አለችው።

«ሦስተኛው። አራት ሰው ይፈልጋል፤ እኔና አንድ ጓደኛዬ ብቻ ነን።»

«እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ» አለች። ያን ጊዜ የተያዩት መተያየት ሚዛን ላይ ቢወጣ ሦስት ኩንታል ይመዝን ነበር።

ጨዋታው ስሙ የፈረንጅ ነው፤ እነሱ «ገመዱ» ይሉታል። አራት ሰዎች በየስልካቸው ሆነው፣ በአንድ ገመድ ታስረው ገደል ይወጣሉ። አንዱ ሲወድቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሌላው የራሱን መንገድ ትቶ ወርዶ ካላነሳው አለቀለት። ሚሽኑ ሃምሳ ነው። የትናየት ለእያንዳንዱ ሚሽን ደብተሯ ላይ መስመር ታሰምራለች፦ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማን ወደቀ፣ ማን አነሳው። የመግቢያውን ቁጥር ደግሞ ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጽፋዋለች።

ሦስተኛው ሰው የደባርቁ ጨርቅ ነጋዴ ጀላል ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደንበኛ ፊት ለፊቱ አቁሞ ገደል የሚወጣ ሰው ነው። አራተኛውን ግን ማንም አያውቀውም። የመግቢያ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ ቀን ራሱ ገባ። በጨዋታው ስሙ «ይሁን» ነው። ድምፁን አሰምቶ አያውቅም፤ የሚጽፈውም ይህችኑ አንድ ቃል ነው። «በግራ እንሂድ?» ሲሉት «ይሁን»። «አሁን ዝለል!» ሲሉት «ይሁን» ብሎ ጽፎ ይወድቃል። የገበያ ቀን ስለማይታይ የአምባ ጊዮርጊስ ነጋዴ ነው ብለው ደምድመዋል።

በሠላሳኛው ሚሽን ላይ ሙሉሰው የሽማግሌውን ነገር አነሳ። «ለምን እስከ ሃምሳ?» ብላ ጠየቀችው።

«እዪኝ» አላት፤ «በመንገድ ላይ ሰው የምጥል መሆኔን አለመሆኔን ጨርሰሽ እንድታዪ ነው።»

እንግዲህ ሃምሳኛው ሚሽን እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። ደባርቅ ላይ በቅሎ ነጂ ሁሉ በተራ ነው የሚሠራው፤ ተራውን ያሳለፈ ሰው ወረፋው ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ወራት ይቆጥራል። ሐሙስ አመሻሹ ላይ የፊተኛው ሰው ታመመና ተራው ሙሉሰው ላይ ዱብ አለ፤ ዓርብ በማለዳ መነሳት አለበት። ዳባት ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ስለዚህ ለጀላል አደራ አለ፦ «ተራዬ ደርሶ ወጣሁ በላት። ስልኬን እስከ እሁድ ዘጠኝ አልነካውም፤ ባትሪው ያረጀ ነው፤ ለሃምሳኛው ልቆጥበው ነው በላት።»

ስልኩንም በእውነት አልነካውም። ጭነታቸውን የያዘላቸው ፈረንጆች የፀሐይ ኃይል መሙያ አላቸው፤ ዋነኛዋ በቅሎ ሸጊቱ ጭነት ላይ ተዘርግቶ ይታሰራል። ሙሉሰው ስልኩን እዚያው ሰክቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከሸጊቱ ጀርባ ላይ አሰረው። ከከፈተው እንደሚፈተን ያውቃል፤ አንድ መልእክት ካየ መቶ ይጽፋል፤ ባትሪውም ያልቃል። ሦስት ቀን ሙሉ የሸጊቱን ጭራ እያየ፣ ጥርሱን ነክሶ ሄደ።

እና አሁን ሸጊቱ የለችም። የበቅሎ ነጂዎቹ አለቃ ጋሼ ክንዴ ፈረንጆቹን ይዘው፣ ሸጊቱን አስቀድመው፣ በኢመት ጎጎ በኩል ወደ ማደሪያቸው ወደ ጨነቅ ከተነሱ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። ሙሉሰው የታመመችዋን በቅሎ አክሞ ሊከተላቸው ነበር የቀረው።

«ላድርስህ?» አለ ያርጋል የደብዳቤውን ጠባይ ከፊቱ ላይ አንብቦ።

«በገደሉ ጫፍ ነው የሄዱት። መኪና አይገባም።»

«እንግዲያስ እግርህን አውጣ፤ በቅሎዋን እኔ አስጠብቅልሃለሁ።»

ከአምባራስ ኢመት ጎጎ ለሌላ ሰው ግማሽ ቀን ነው። ሙሉሰው የሮጠውን ሩጫ ያየው ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ብቻ ነው፤ ጅብራ ደግሞ አይናገርም፤ ቢናገር ኖሮ ዛሬ በዓለም መዝገብ ላይ እናገኘው ነበር። ሦስት መቶ የሚሆኑ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሳር መንቀላቸውን ትተው በግራና በቀኝ ተሰልፈው አሳለፉት። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ሊያስፈራራው ከጀለና የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። ሙሉሰው በዚያ ሁሉ ሩጫ ውስጥ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ የአንዲት ሴት እጅ ደብተር ሲዘጋ።

ዘጠኝ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ኢመት ጎጎ ላይ ደረሰባቸው። ሦስቱ ጎኑ ገደል ነው፤ አሞራ እንኳ ከታች ነው የሚበርረው። ፈረንጆቹ ዳቦ እየበሉ ነበር።

«ምን ሆንክ? ማን ሞተ?» አሉ ጋሼ ክንዴ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው።

«ገና ነው! ስልኬን!»

ሸጊቱ በቀላሉ አልቆመችለትም። እሱ በቀኝ ሲመጣ እሷ በግራ ዞረች፤ አንድ እርምጃ ባለች ቁጥር አንድ ደቂቃ በላችበት። በመጨረሻ ፌስታሉን በጥርሱ ቀድዶ አወጣው። ስልኩ ሠላሳ አራት በመቶ ይላል። የኔትወርኩ መስመር ሁለት። የገመዱ ዜማ ጮኸ። ሦስት ስሞች ተሰልፈዋል፦ የትናየት፣ ጀላል፣ ይሁን። አራተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ሊዘጋ አሥር ሰከንድ ይቀረዋል። ዘጠኝ። ስምንት። በጣቱ ነካው።

ገባ።

እሱ ያለከልካል፤ ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ግን በሺህ ትንፋሽ መሐል ይለየዋል።

«የትዬ…»

«የትዬ አትበለኝ። ገመድህን እሰር።» ድምፅዋ ከቧሒት ተራራ ውርጭ የወረደ ነው።

አሰረ። ሃምሳኛው ጀመረ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ያለው። በስልኩ ውስጥ ያለው ገደል ከፊቱ ካለው ገደል ጋር ተመሳሰለበት።

«ደብዳቤሽ አሁን ነው የደረሰኝ። ስሚኝ ብቻ፤ ስልኩ እኔ ጋ አልነበረም። ሸጊቱ ጋ ነበር።»

በጨዋታው ውስጥ ያለችው የትናየት መሐል ገደል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሸጊቱ ማናት?»

«ሸጊቱ እኮ…»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስልክህን ያቀፈችው ሸጊቱ ማናት?»

«በቅሎ ናት!» ብሎ ጮኸ ሙሉሰው፤ ኢመት ጎጎ መልሶ፣ በቅሎ ናት፣ በቅሎ ናት አለ። «መሙያው ጀርባዋ ላይ ነው! ለዛሬ ልቆጥበው ብዬ ነው! ጀላል አልነገረሽም?»

«ወላሂ በቅሎ ናት፤ እኔ እመሰክራለሁ» አለ ጀላል። «ደባርቅ ላይ ከእሷ የከፋች ተራጋጭ የለችም። አደራውን ደግሞ… ነግሬያታለሁ። ተራው ደርሶ ወጣ ብያታለሁ።»

«የስልኩንስ?»

«የስልኩን…» ጀላል ጉሮሮውን ጠረገ። «የሰርግ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። ግማሹን ነገርኳት። ግማሹ ከጨርቁ ጋር ሄደ።»

«አንተ!» አለች የትናየት። የድምፅዋ ውርጭ ቀልጦ ነበር። «ታዲያ ሰባት ጊዜ ያየሁት አረንጓዴስ?»

ሙሉሰው አሰበው። በረቱን፣ ያደሩበትን ሳንቃበርን፣ መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበው።

«ሰባት ሸንተረር ነው የወጣነው» አላት። «ኔትወርክ ያለው ሸንተረር ላይ ብቻ ነው። ሸጊቱ በወጣች ቁጥር በርቷል፤ በወረደች ቁጥር ጠፍቷል።»

«እኔ ደግሞ… አይቶኝ ዝም አለ እያልኩ ሳለቅስ…» አለች የትናየት። «ስትወጣ እያየሁህ ነበር ማለት ነዋ። ሰባቱንም።»

ያን ጊዜ ሙሉሰው ዓይኑ ሞላ፤ ያለቀሰው በንፋሱ ነው የሚል ካለ ንፋስ አልነበረም።

«ኧረ ሰዎች!» አለ ጀላል። «ፍቅራችሁን በኋላ ታደርሱታላችሁ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የቀረን! ይሁን ወደቀ!»

እውነትም ይሁን ወድቋል። ከሁሉም በታች፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሦስቱ ጫፉ ላይ ሊደርሱ ሃያ እርምጃ አይቀራቸውም። ሦስት ሰው ከደረሰ ሚሽኑ ተሳክቷል ይባላል፤ አራተኛው ግን ገመዱ ይቆረጥበታል።

«እንተወው» አለ ጀላል። «ሃምሳኛው እኮ ነው! ይኼ ዝሆን ሁልጊዜ እንደወደቀ ነው። አንተ ወርደህ አብረህ ከቀረህ ሁለት ብቻ እንሆናለን፤ ሁሉም ነገር ገደል ገባ። ሽማግሌህም ጭምር!»

የሙሉሰው ባትሪ ስድስት በመቶ ላይ ደርሷል። የትናየት ከወዲያ ትንፋሿን ይዛ እንደምትጠብቅ ተሰማው። በደብተሩ ላይ የምትጽፈው መስመርም ታየው።

«በገመዴ ላይ ያለ ሰው አልጥልም» አለ። ወረደ።

«ይሁን! ስማኝ። አትዝለል። እጄን ብቻ ጠብቅ። ስልህ ነው የምትነሳው፤ እሺ?»

ጽሑፍ መጣች፦ «ይሁን»።

ጋሼ ክንዴ በትከሻው ላይ አዘንብለዋል፤ ፈረንጆቹም ዳቧቸውን ትተው አዘንብለዋል፤ ሸጊቱ እንኳ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋለች። ራስ ዳሽን ከማዶ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ነበር። ሙሉሰው ይሁንን አነሳው፤ የተሸከመው ያህል ዳገቱን ወጣ፤ አርባ ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ። የትናየትና ጀላል ጫፉ ላይ ሆነው ገመዱን ይስባሉ። አምስት ሰከንድ ሲቀር አራቱም ባንዲራውን ነኩ።

ስሜን የዚያን ዓይነት እልልታ ከዚያ በፊት አልሰማም። ፈረንጂቱ ምኑም ሳይገባት ጋሼ ክንዴን አቀፈቻቸው። ጀላል ሱቁ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ሲወረውር የደንበኞቹ ጭብጨባ በስልኩ ተሰማ።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መሐል የይሁን ማይክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ።

«የትናየት» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። «ደብተሩን ክፈቺ።»

ድምፁ ሁለት ጊዜ ተሰማ። አንዴ ከይሁን ስልክ፤ ቀጥሎ ደግሞ ቀጠን ብሎ፣ በየትናየት ስልክ በኩል፣ ግድግዳ አልፎ።

«አባዬ?!»

«አዎ፣ አባትሽ ነኝ። ከዚህ ከጎንሽ ካለው ክፍል ነኝ። ይሁን የወደቀበትን ሁሉ ቁጠሪ።»

ሙሉሰው ሸጊቱን ተደግፎ ቆመ። ገጾች ሲገለጡ ተሰማው። የትናየት በሹክሹክታ እየቆጠረች ነው።

«ሠላሳ አንድ።»

«የዛሬውን ጨምሪበት። ያነሳውስ ማነው?»

«ሙሉሰው… ሙሉሰው… ሙሉሰው…» ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «አንድ ጊዜ ጀላል።»

«እሷም በስህተት ናት» አለ ጀላል። ወዲያው ነገሩ ገባው። «ውይ! አንቱ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ ዝሆን…»

«ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ። «አስራ ሁለት ጊዜ ብለኸኛል። አሁን ዝም በል።» ከዚያ ንግግራቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ልጄ ከማን ጋር እንደምትስቅ ላውቅ ብዬ ቁጥሩን ከደብተርሽ ሽፋን ላይ ወስጄ ገባሁ። ልሰልል ነው የገባሁት። በአራተኛው ቀን ስለላውን ረሳሁት፤ ጣቴ ግን ወፍራም ነው፤ እወድቃለሁ። ስወድቅ ማን እንደሆንኩ የማያውቅ ሰው፣ ምንም የማልጠቅመው ሰው፣ መንገዱን ትቶ ወርዶ ያነሳኛል። ስለ ጎንደሩ ልጅ ብዙ አውርተውልኛል፤ መኪናውንም አሳይተውኛል። ሰው ሲያነሳ ግን ያየሁት ይኼንን ነው። ዛሬ ደግሞ አንቺን ራስሽን የሚያጣ መስሎት ሳለ ነው የወረደልኝ።»

«ጋሼ…» አለ ሙሉሰው።

«አባዬ» አለች የትናየት፤ ድምፅዋ ውስጥ እንባም ሳቅም አለ። «እኔን አይጠይቁኝም?»

«ይኸው ጠየቅሁሽ።»

ያቺን አንዲት ቅጽበት ሙሉሰው እስከ ዛሬ ሲያወራት ከሦስቱ ቀን ትረዝማለች።

«ይሁን» አለች የትናየት።

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ረጅም ሳቅ ተሰማ። «እንግዲያስ ስማ፣ አንተ ልጅ። ሽማግሌህን ላክ። መጀመሪያ እመልሳቸዋለሁ፤ ወጉ ነው፤ እንዳይከፋህ። ደግመህ ላክ፤ ቀጠሮ እሰጣለሁ። በሦስተኛው እቀበላለሁ። እስከዚያው ግን ከገመዱ እንዳትቀርብኝ፤ አሁን ሃምሳ አንደኛ የሚባል ተከፍቶ እያየሁ ነው፤ ብቻዬን ከጀላል ጋር እንዳታስቀረኝ።»

ስልኩ ሁለት በመቶ ሲል መስመሩ ተቆረጠ። ሙሉሰው ስክሪኑን አጥፍቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጮኸ፤ ያን ጩኸት ዛሬም አዲ አርቃይ ላይ ያስታውሱታል።

«ሽማግሌ ማን ሊሄድ ነው?» አሉ ጋሼ ክንዴ፣ እንዳላወቀ ሰው።

«አንቱ ነዎታ!»

«እኔማ እሄዳለሁ። ያቺ ገብስ የምታበላሽ በቅሎ ግን አትከተለኝም።»

ወደ ጨነቅ ጉዞ ቀጠሉ። ይህን ጊዜ ስልኩ ሸጊቱ ላይ አልነበረም፤ ሙሉሰው የሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ ልቡ ላይ ይዞታል። ስምንተኛው ሸንተረር ላይ ሲወጡ ነዘረ። የትናየት የላከችው ፎቶ ነው፤ የደብተሩ ገጽ። በሃምሳኛው መስመር ላይ በእጇ እንዲህ ተጽፏል፦

«የወደቀ፦ አባዬ፣ አንድ ጊዜ። የትናየት፣ ከዓርብ ጠዋት እስከ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለቱንም ያነሳ፦ ሙሉሰው።»

ሊመልስላት ጣቱን አነሳ፤ ተወው። ባትሪው አንድ በመቶ ነው፤ ሲጽፍ ያልቃል። ስልኩን በእጁ ከፍ አድርጎ ወደ ዳባት አዞረው። በቅሎዎቹ አለፉት፤ ፈረንጆቹ አለፉት። እሱ ግን ሸንተረሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ዳባት ላይ አንዲት ሴት ስሙን እያየች ነው፤ አረንጓዴው በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ትየው ብሎ።